ሆዴን ባር ባር የሚለኝ ከጭንቀቱ ነው፣ ወይስ ጭንቀቱ ነው ከሆዴ የመጣው?

የከዚራ ልጅ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:40

ሰላም የድሬ ልጆች፣ የሐረር ልጆችም። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

34 ዓመቴ ነው። እዚሁ ድሬ፣ ታይዋን የሚባለው ገበያ አካባቢ አንድ የጅምላ ሱቅ ውስጥ ሒሳብ እሠራለሁ። እናቴ ካረፈች ዓመት ከስምንት ወር ሆናት። አርባዋን ባወጣን ሰሞን ኃይለኛ ተቅማጥ ያዘኝ። አንድ ሳምንት ሙሉ ተኛሁ። ተቅማጡ ቆመ። ሆዴ ግን ከዚያ ወዲህ እንደ ድሮው አልሆነም። አንድ ሰሞን ይደርቃል፣ አንድ ሰሞን ይለቃል። ይነፋኛል። ጠዋት ወደ ሥራ ልወጣ ስል ሆዴን ባር ባር ይለኛል፣ ልቤ ይመታል፣ እጄን ያልበኛል። ባጃጅ ውስጥ ገብቼ ሳይንቀሳቀስ የወረድኩባቸው ቀናት አሉ።

አንድ ቦታ ስሄድ አሜባ ነው አሉኝ። ሌላ ቦታ ታይፎይድ። ሌላ ጊዜ የጨጓራ ባክቴሪያ። በአንድ ዓመት ውስጥ አምስት ጊዜ አንቲባዮቲክ ወሰድኩ። ሁለቱን ሳልመረመር ከመድኃኒት ቤት ነው የገዛሁት፣ እሱ የራሴ ጥፋት ነው። በመጨረሻ ኢንዶስኮፒ ተሠራልኝ። ንጹሕ ነው። ሐኪሙ ወረቀቱን እያየ «ምንም የለብሽም፣ አታስቢ» አለኝ። ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። ምንም ከሌለብኝ ይኼ ሁሉ ምንድን ነው?

ባለፈው ሳምንት ደግሞ አንጀት ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ጭንቀትና ድባቴ ያመጣሉ የሚል ቪዲዮ አየሁ። ሰውየው መጨረሻ ላይ በቴሌግራም የሚሸጠው ዱቄት አለው። ዋጋው የቤት ኪራዬን ግማሽ ያክላል። ልገዛ ነበር፣ ደመወዝ ስላልደረሰ ነው የቀረሁት።

እውነት ነገሩ ከሆድ ሊጀምር ይችላል? ወይስ እኔው ነኝ እያሰብኩ የማመጣው?


ሰላም ለሁሉ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4:05

እኔም ልክ እንዳንቺ ነኝ እህቴ። መልሱን እየጠበቅሁ ነው።


ሲስተር ሳቢያን
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 5:10

የከዚራ ልጅ፣ ነፍስ ይማር። መጽናናቱን ይስጥሽ።

የአእምሮ ጤና ነርስ ነኝ። «ምንም የለብሽም» የሚለው ቃል በጣም ያሳዝነኛል። ኢንዶስኮፒ የሚያየው ቁስል፣ መቆጣትና እብጠት ነው። አንጀትሽ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ፣ ነርቮቹ ምን ያህል ንቁ እንደሆኑ አያሳይም። ስለዚህ ንጹሕ ነው ማለት የሚሰማሽ ነገር ውሸት ነው ማለት አይደለም። የምትገልጪው ነገር አይ ቢ ኤስ ከሚባለው፣ ቁስል ሳይታይ አንጀትን ከሚያውከው ሕመም ጋር ይመሳሰላል። ግን ሳላይሽ ስም አልሰጥሽም።

እኛ ጋ የሚመጣ ሰው «ተጨነቅሁ» ብሎ አይጀምርም። ጨጓራዬ፣ ሆዴ፣ አንጀቴ ነው የሚለው። ሆዴ ባባ፣ ሆድ ባሰኝ፣ አንጀቴ ተላወሰ እንላለን። ይኼን የምለው ሰው ሐዘኑን የት እንደሚያገኘው ለማሳየት ነው።

ርዕስሽ ላይ ለጠየቅሽው መልሱ ሁለቱም መንገድ አለ የሚል ነው። አውስትራሊያ ውስጥ ሰዎችን 12 ዓመት የተከታተለ ጥናት አለ። መጀመሪያ ላይ ጭንቀት የነበረባቸው ኋላ የሆድ ችግር የሚይዛቸው ከሌላው ሰው በላይ ነበር። መጀመሪያ ላይ ሆዳቸውን ይታመሙ የነበሩት ደግሞ ኋላ ጭንቀትና ድባቴ በብዛት መጣባቸው። መንገዱ ደርሶ መልስ ነው።

ስለ ተቅማጡ ስትጽፊ ደግሞ ካናዳ ያለችው ዎከርተን የምትባል ትንሽ ከተማ ትዝ አለችኝ። እ.ኤ.አ. በ2000 የቧንቧ ውሃዋ በባክቴሪያ ተበክሎ ከ2,000 በላይ ሰው ታመመ፣ 7 ሰው ሞተ። ተመራማሪዎች ሕዝቡን ለዓመታት ተከታተሉት። ኢንፌክሽኑ ካለፈ በኋላም አንጀታቸው ሳይረጋጋ የቀረ ብዙ ነበሩ። ከበሽታው በፊት ጭንቀት ወይም ድባቴ የነበረባቸው ደግሞ የበለጠ ተጋላጭ ሆነው ተገኙ። አንቺ ተቅማጡ የያዘሽ በሐዘን ላይ ሆነሽ ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ነው የመጡብሽ።

አሁን ወደ ባክቴሪያው ልምጣ። ሰውነታችን ውስጥ ወደ 38 ትሪሊዮን ባክቴሪያ እንዳለ ይገመታል። አብዛኛው ትልቁ አንጀት ውስጥ ነው። እኛ መፍጨት የማንችለውን የእህልና የአትክልት አሰር እነሱ ይበሉታል። በምትኩ ቡቲሬት የመሳሰሉ አሲዶችን ይሰጡናል። እነዚህ አሲዶች የአንጀትን ግድግዳ ይመግባሉ፣ የሰውነት መቆጣትንም ያበርዳሉ። ከዚያ ቬገስ የሚባለው ረጅም ነርቭ አለ፣ ሆድን ከአንጎል ጋር የሚያገናኝ። ሰው አንጎል ሆድን ብቻ የሚያዝ ይመስለዋል። የዚህ ነርቭ አብዛኞቹ ክሮች ግን መልእክት የሚያደርሱት ከታች ወደ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2004 በጃፓኑ ኪዩሹ ዩኒቨርሲቲ የተሠራ አንድ ሙከራ አለ። ከተወለዱ ጀምሮ አንድም ባክቴሪያ ሳይነካቸው ያደጉ አይጦችን ጠባብ ነገር ውስጥ ከተው አስጨነቋቸው። የጭንቀት ሆርሞናቸው ከሌሎቹ አይጦች በጣም በላይ ናረ። ቢፊዶባክቴሪየም ኢንፋንቲስ የሚባል አንድ የባክቴሪያ ዝርያ ብቻ ሲሰጣቸው ምላሻቸው ወደ ልኩ ተመለሰ። ከጤነኛ አይጥ አንጀት የተወሰደው ባክቴሪያ ደግሞ የጠቀማቸው ገና ትንንሽ ሳሉ ከተሰጣቸው ነው። ስለ ሆድና ጭንቀት ዛሬ የምንሰማው ብዙው ነገር የተነሣው ከዚያ ሙከራ ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እናትሽ ካረፉ ወዲህ ምን ትበያለሽ? እንቅልፍስ?


ሐረማያ 07
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1:15

ሲስተር፣ ከልብ አመሰግናለሁ። ግን የከዚራ ልጅ የጃፓኑን ሙከራ አንብባ ወደዚያ ዱቄት እንዳትመለስ እፈራለሁ። ስለዚህ ሌላውንም ልንገራት።

ባዮሎጂ ነው ያጠናሁት፣ አሁን ሐረር ላቦራቶሪ ውስጥ እሠራለሁ። እ.ኤ.አ. በ2011 አየርላንድ ኮርክ ያሉ ተመራማሪዎች ላክቶባሲለስ ራምኖሰስ የሚባል ባክቴሪያ ለአይጦች ሰጡ። አይጦቹ ፍርሃታቸው ቀነሰ። ቬገስ ነርቫቸው ሲቆረጥ ግን ጥቅሙ ጠፋ። የነርቩ ነገር እንዲህ በግልጽ ሲታይ ሁሉም ሰው ተደሰተ። እ.ኤ.አ. በ2017 እዚያው ከተማ ያንኑ ባክቴሪያ ለ29 ጤነኛ ወንዶች ሰጡ። በጭንቀት ላይም ሆነ በጭንቀት ሆርሞን ላይ ለማነጻጸር ከተሰጠው፣ ምንም ከሌለበት ባዶ ክኒን የተለየ ነገር አላመጣም። አይጥ ላይ የሠራ ሰው ላይ ሊቀር ይችላል።

ቤልጂየም ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት ደግሞ 1,054 ሰዎችን መረመረ። ድባቴ ያለባቸው ሰዎች ኮፕሮኮከስና ዲያሊስተር የሚባሉ ባክቴሪያዎች አነሱባቸው። ጥሩ ጥናት ነው። ግን ድባቴ ያለበት ሰው አበላሉ ይለወጣል፣ እንቅልፉ ይለወጣል፣ ከቤት አይወጣም። ባክቴሪያው ስላነሰ ነው የደበረው ወይስ ስለደበረው ነው ባክቴሪያው ያነሰው? ያ ጥናት ብቻውን አይመልሰውም። የዱቄት ነጋዴዎች ግን እንደተመለሰ አድርገው ነው የሚያወሩት።

ሌላም የሚያወሩት ነገር አለ፣ ሴሮቶኒን ስለሚባለው ከስሜት ጋር የሚያያዝ ኬሚካል። «ከሴሮቶኒን 90 በመቶው የሚሠራው ሆድ ውስጥ ነው፣ ስለዚህ ሆድህን አክም ደስተኛ ትሆናለህ» ይላሉ። የመጀመሪያው ግማሽ እውነት ነው። ሆድ ውስጥ የተሠራው ሴሮቶኒን ግን ወደ አንጎል አያልፍም።

ይኼን ያህል አጥብቄ የምጽፈው በምክንያት ነው። ታናሽ እህቴ የድባቴ መድኃኒት እየወሰደች ደህና ሆና ነበር። የተፈጥሮ ነው፣ አንጀትን ያጸዳል የተባለ ነገር አግኝታ መድኃኒቷን በራሷ አቆመች። ሁለት ወር አልሞላም። አንድ ሌሊት በሩን ሰብረን ነው ያወጣናት። አሁን ደህና ናት፣ አልሐምዱሊላህ። ግን ያንን ሌሊት የሚያስረሳኝ ነገር የለም። የከዚራ ልጅ፣ ሆድሽን ተንከባከቢ። ማንም ሰው ግን ሆድሽን ምክንያት አድርጎ ከሕክምና እንዳያወጣሽ።


ሙና ዘጁጎል
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3:30

እህቴ፣ አብሽሪ። እናቴ ስትሞት እኔም እንደዚህ ሆኜ ነበር።

እኔን ያነሣኝ እርጎ ነው። ወላሂ! የጎረቤታችን ሱማሌ ሴትዮ ደግሞ የረጋ የግመል ወተት ታመጣልኝ ነበር፣ ዳናን ይሉታል። ጠዋት ጠዋት አንድ ብርጭቆ። እንደ ላም እርጎ አይጠነክርም፣ ቀጠን ያለ ነው፣ ይኮመጥጣል። ሆዴ ተረጋጋ። ቁጢም (የቡና ቅጠል) እጠጣለሁ፣ ከቡናው ይሻለኛል። ቡና ሳበዛ ልቤን ያስመታኛል። ሞክሪው።


ሲስተር ሳቢያን
ረቡዕ፣ ከቀኑ 7:20

ሙናዬ፣ የረጋ ወተት ላይ ያልሽው መሠረት አለው። እ.ኤ.አ. በ2021 በአሜሪካው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የተሠራ ጥናት 36 ጤነኛ ሰዎችን ለሁለት ከፈለ። ግማሾቹ እንደ እርጎ ያለ በእርሾ የተዘጋጀ ምግብ፣ ግማሾቹ አሰር የበዛበት ምግብ ለ10 ሳምንት በሉ። የረጋና የቦካ ምግብ የበሉት የባክቴሪያቸው ዓይነት በዛ። ደማቸው ውስጥ የሰውነት መቆጣትን የሚያሳዩ 19 ፕሮቲኖችም ቀነሱ። ልብ በሉ፣ የተለካው መቆጣቱ ነው። ጭንቀታቸው ጠፋ አላሉም።

ከዚያ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ2013፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ሴቶች አራት ሳምንት ባክቴሪያ ያለበት የረጋ ወተት ጠጥተው አንጎላቸው በኤም አር አይ ታየ። የተቆጡና የፈሩ ፊቶችን ሲያዩ የአንጎላቸው ምላሽ ረገብ ብሎ ተገኘ። ትንሽ ጥናት ነው፣ ግን ሰው ላይ የተሠራ ነው።

አንድ ነገር ግን አደራ! ያልፈላ ወተት፣ የግመልም የላምም፣ ብሩሴሎሲስ ያመጣል። በእኛ አካባቢ የምናውቀው በሽታ ነው። ትኩሳቱ ይመላለሳል፣ መገጣጠሚያ ይቆረጥማል፣ ሰውን ድብርት ውስጥ ይከታል። ሰው ጭንቀቱን ላድን ብሎ ይኼን እንዳይሸምት። ወተቱን አፍሉት፣ ለብ ሲል በማንኪያ ጥሩ እርጎ ጨምራችሁ አርጉት። ዕቃውን በወይራ ማጠን የምትወዱ እጠኑት፣ ማጠኑ ግን ማፍላቱን አይተካም።

እንጀራም ይነሣ ይሆናል። ሊጡ ሁለት ሦስት ቀን ሲቦካ በባክቴሪያና በእርሾ የተሞላ ነው። ምጣድ ላይ ሲወጣ ግን ሕይወት ያለው ነገር አይተርፍም። ከእንጀራ የምናገኘው አሰሩን ነው፣ የጤፉንም የማሽላውንም። እሱም ለአንጀታችን ባክቴሪያዎች ቀለብ ነው።


ድሬ አቦ
ረቡዕ፣ ከቀኑ 10:45

አቦ፣ ስለ ጫት ማንም አላነሳም። እኔ ላንሳው።

ባጃጅ ነው የምነዳው። ዘጠኝ ዓመት በየቀኑ ቅሜያለሁ። ቀን ምግብ አይበላም። ማታ ምርቃናው ሲወርድ እንቅልፍ የለም። ሆድ ድርቀቱን አትጠይቁኝ። ከዚያ ጨጓራ አለብኝ እያልኩ የጨጓራ ክኒን እቅማለሁ። ጠዋት ደግሞ ዓለም ሁሉ ጥቁር ነው። ልጄ «አባዬ» ስትለኝ እንኳ ያስከፋኝ ነበር። ይኼን ስጽፍ አፍራለሁ፣ ግን እውነት ነው።

ለማቆም ስሞክር ዱካኩ ገደለኝ። ሌሊት ሌሊት የሚያፍን ነገር። ሁለት ጊዜ ተመለስኩበት። በሦስተኛው በርጫ የምንቀመጥበት ቤት ጋ መሄድ ተውኩ። ጓደኞቼን በጠዋት ሻይ ቤት ነው የማገኛቸው አሁን። ሰባት ወር ሆነኝ። ሆዴ የተስተካከለው በሁለተኛው ወር ነው፣ ልቤ ግን ቆየ።

የከዚራ ልጅ፣ ትቅሚያለሽ አልልሽም። ግን ይኼን የሚያነብ ወንድም ካለ፣ ስለ ባክቴሪያ ከማሰብህ በፊት ይኼን አስብ።


ሲስተር ሳቢያን
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1:00

ወንድሜ፣ አትፈር። ሰባት ወር ትልቅ ነገር ነው። ጫት የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ አንጀት ያደርቃል፣ እንቅልፍ ይነሳል። ሦስቱም ድባቴን ይጠራሉ። ዱካኩ የሚጠነክርበት ሰው ብቻውን አይታገል፣ እኛ ጋ ይምጣ።


የከዚራ ልጅ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3:15

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሐረማያ፣ ስለ እህትህ ሳነብ እጄ ተንቀጠቀጠ። ዱቄቱን አልገዛም።

ሲስተር፣ ጥያቄሽን ሳስበው ዋልኩ። እናቴ እያለች ቤታችን እርጎ አይጠፋም ነበር። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ በጾሙም በፍስኩም። አሁን ብቻዬን ነኝ። ጠዋት ሻይ በፈጢራ። ቀን ከሱቁ አጠገብ ስፓጌቲ። ማታ ሙቀቱ ምግብ ስለሚዘጋኝ ለስላሳና ብስኩት። የእናቴን ሊጥ ማቡኪያ ከቀብሩ በኋላ አጥበን ደፍተነው ነው ያስቀመጥነው። ከዚያ ወዲህ ቤቴ ውስጥ ምንም ቦክቶ አያውቅም። እንቅልፌም አራት ሰዓት ብትሞላ ነው።

አንቲባዮቲኩስ? አምስት ጊዜ መውሰዴ ባክቴሪያዬን ጨርሶት ይሆን?


ሐረማያ 07
ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 12:50

አልጨረሰውም፣ አትፍሪ። ዴንማርክ ውስጥ ለ12 ጤነኛ ወንዶች ጠንካራ አንቲባዮቲክ አንድ ላይ ተሰጥቷቸው ነበር። በአንድ ወር ተኩል ውስጥ ባክቴሪያቸው ወደ ነበረበት ተጠጋ። ግን ስድስት ወር ቆይቶም ቀድሞ ከነበሩት 9 የተለመዱ ዝርያዎች አልታዩም። ይመለሳል፣ ሙሉ በሙሉ ላይሆን ይችላል። ደጋግሞ መውሰድ ያንን የመመለሻ ጊዜ ይነጥቀዋል።

እንደ ላቦራቶሪ ሰው ደግሞ አንድ ነገር ልበል። ታይፎይድ የተባልሽው ዊዳል በሚባለው የደም ምርመራ ብቻ ከሆነ አስተማማኝ አይደለም። ዊዳል ጤነኛውንም፣ ድሮ ታሞ የዳነውንም «አለብህ» ሊል ይችላል። ስንት ሰው በዚህ ምርመራ አንቲባዮቲክ እንደሚወስድ በየቀኑ አያለሁ፣ ያሳምመኛል። የጨጓራው ባክቴሪያ ሲረጋገጥ ግን መታከም አለበት። ያኔ ሁለት አንቲባዮቲክ አንድ ላይ ይሰጣል፣ ጀምረሽ አታቋርጪም።


ሲስተር ሳቢያን
ሐሙስ፣ ከቀኑ 6:30

የእናትሽ ገበታ ላይ የነበረው ምግብ ብዙ ተመራማሪዎች የሚመክሩት ዓይነት ነው። አውስትራሊያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ጥናት ድባቴ ያለባቸውን 67 ሰዎች ለ12 ሳምንት ተከታተለ። አንዱ ቡድን ጥራጥሬ፣ አትክልት፣ ያልተፈተገ እህል፣ ዓሣና የወይራ ዘይት እንዲያዘወትር በባለሙያ ተረዳ። ሌላውን ቡድን ደግሞ ሰው በየጊዜው አጫወተው። ምግቡን ከለወጡት ሲሶ የሚሆኑት ድባቴው ለቀቃቸው። ከሌላው ቡድን 8 በመቶ። አብዛኞቹ መድኃኒታቸውን ወይም የንግግር ሕክምናቸውን ሳያቋርጡ ነው፣ ይኼን አስምሪበት።

ሆድሽ ስለሚነፋ ግን ጥራጥሬውን በአንድ ጊዜ አታብዢ። በትንሹ ጀምሪ፣ ሳምንት በሳምንት ጨምሪ።

ሰገራሽ ላይ ደም ካለ፣ ክብደትሽ ያለ ምክንያት ከቀነሰ፣ ተቅማጡ ከእንቅልፍ ካስነሣሽ ቶሎ ወደ ውስጥ ደዌ ሐኪም ተመለሺ። መኖር አስጠላኝ የሚል ሐሳብ ከመጣብሽ ደግሞ ነገ አትበይ፣ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል። ባይመጣብሽም እንኳ አንድ ዓመት ከስምንት ወር ብዙ ነው። ወደ አእምሮ ሕክምና ክፍል ነይ። ስለ ሆድሽም ስለ እናትሽም የሚሰማሽ ሰው ያስፈልግሻል። እዚያ የሚመጣ ሁሉ እንዳንቺ ሥራ ያለው፣ ቤት ያለው ሰው ነው።


ሙና ዘጁጎል
ሐሙስ፣ ከቀኑ 8:00

ሲስተር፣ ስለ ወተቱ ነገርሽኝ፣ ተረዳሁ። ሴትዮዋንም አስፈላታለሁ። ልጆቼም እኮ ይጠጡታል፣ ምነው ቀድሜ ባወቅሁ።


የከዚራ ልጅ
ከአምስት ሳምንት በኋላ፣ እሑድ፣ ከቀኑ 9:30

ጠፋሁ፣ ይቅርታ።

ሄድኩ። ሁለት ጊዜ በሩ ላይ ደርሼ ተመልሻለሁ፣ በሦስተኛው ገባሁ። ሐኪሟ ግማሽ ሰዓት ሙሉ አዳመጠችኝ። አይ ቢ ኤስም፣ ጭንቀትና ድባቴም ሁለቱም አለብሽ አለችኝ፣ አንዱ ሌላውን እያባባሰ ነው። መድኃኒት ጀመርኩ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሆዴን አገላበጠኝ፣ ቀድማ ስለነገረችኝ አልደነገጥኩም። በየሁለት ሳምንቱ ደግሞ ስለ እማዬ እናወራለን።

ማቡኪያውን አወጣሁት። እርሾ ከጎረቤታችን ከእትዬ ለመንኩ። የመጀመሪያው እንጀራ ዓይን የለው፣ ምን የለው፣ ብቻ በላሁት። እርጎም አረጋለሁ፣ አፍልቼ። ድሬ አቦ፣ ከአንተ የወሰድኩት የጠዋት ሻይ ነው፣ ከሰው ጋር።

ድኛለሁ አልልም። ባለፈው ሳምንት ሐሙስ እንደገና ባጃጅ ውስጥ ልቤ መታ። ግን አልወረድኩም። የረዳኝ መድኃኒቱ ይሁን፣ ምግቡ ይሁን፣ ማልቀሱ ይሁን መለየት አልችልም።


ሰላም ለሁሉ
እሑድ፣ ከምሽቱ 2:20

እህቴ፣ እኔ ያኔ የመጀመሪያዋን መልስ የጻፍኩት ነኝ። አምስት ሳምንት ሙሉ ይኼን ክር እየተመላለስኩ አነበብኩት። አዲስ ታካሚ ስንት ሰዓት ነው መድረስ ያለበት? ካርድ ክፍሉ ጋ ምን ብዬ ልጠይቅ? ጮክ ብዬ መናገር ያሳፍረኛል።


የከዚራ ልጅ
እሑድ፣ ከምሽቱ 2:35

ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት ድረሽ። ወረፋው ያን ጊዜ ይቀላል። ካርድ ክፍሉ ጋ በወረቀት ጽፌ ነው የሰጠኋቸው፣ አንቺም እንደዚያ አድርጊ። ረቡዕ ቀጠሮ አለኝ። በሩ ላይ አረንጓዴ ነጠላ ለብሼ እጠብቅሻለሁ።